የዋና ገንዳ ውሃና የቤታችን ጀሪካን ምን ያገናኛቸዋል?

ለዛሬ በሳይንስ ዓምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ውሃ ነው። «ስለ ውሃ ምን አዲስ ነገር አለ? ከተማችን ራሷ አርባ ምንጭ አይደለች እንዴ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። የከተማችን ስም የመጣው ከገደሉ ሥር፣ ጫካው ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ከሴቻ ቁልቁል ስናይ ደግሞ አባያና ጫሞ ተዘርግተው፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ ይታየናል። ውሃስ ሞልቶናል። ግን ያ ሁሉ ውሃ ለመጠጣትና ለመዋኘት ይሆናል ወይ?

ይህንን እንድጽፍ ያነሳሳኝ አጎቴ ነው። አጎቴ በከተማችን በአንድ ሎጅ ውስጥ የዋና ገንዳ ይንከባከባል። እንግዶች ሲዋኙ ሁሉም ያያል፤ እሱ ግን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ የሚሠራውን ማንም አያይም። ትምህርት ሲዘጋ አብሬው እየሄድኩ ሥራውን አየሁ፣ ጠየቅሁት፣ የነገረኝንም በደብተሬ ጻፍኩ። ከዚያ የሳይንስ መምህራችን አንብበው አረሙልኝ። እሺ፣ እንጀምር!

1ኛ. ውሃው ጥርት ካለ ንጹሕ ነው ማለት ነው?

አይደለም! የወንዝ ውሃ ይሄዳል፤ የገንዳ ውሃ ግን እዚያው ነው የሚውለው፣ እዚያው የሚያድረው። አንድ ሰው ሲገባ ላብ፣ የሰውነት ቅባት፣ አቧራና (ይቅርታ አድርጉልኝና) አንዳንዱ ሽንቱን ጭምር ይዞ ይገባል። ከዚህ ጋር ዓይን የማያያቸው ጀርሞች አሉ። ስለዚህ ውሃው እንደ መስታወት ቢጠራም ተቅማጥ ሊያሲዝ ይችላል።

«ታዲያ ገንዳ ምን ያደርግልናል? ሐይቁ ውስጥ አንዋኝም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ወንድሜ፣ ጫሞ ላይ የአዞ ገበያ የሚባል ቦታ ያለው በከንቱ አይደለም! ከአዞው ሌላ ደግሞ የማይታይ ጠላት አለ፤ እሱም ብልሃርዚያ ነው። በሐይቅ ዳርና ቀስ ብሎ በሚሄድ ውሃ ውስጥ ከሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች የሚወጣው ትል ቆዳችንን በስቶ ይገባል። ትምህርት ቤት ውስጥ ቁመታችንን በእንጨት እየለኩ የሚሰጡን ፕራዚኳንትል የሚባለው ኪኒን ለዚህ በሽታ ነው። ስለዚህ በደንብ የተያዘ ገንዳ ትልቅ ነገር ነው። በደንብ ያልተያዘ ገንዳ ግን ሌላ የበሽታ ኩሬ ነው።

2ኛ. ክሎሪን እንዴት ይሠራል?

ክሎሪንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው ካርል ሺለ የሚባል የስዊድን ኬሚስት ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1774 ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የከተማ ቧንቧ ውሃና የዋና ገንዳ የሚታከመው በአብዛኛው በእሱ ነው። በገንዳ ውስጥ የሚጨመረው ብዙ ጊዜ ነጭ ዱቄት ነው። ልብስ የምናነጣበት በረኪናም የዚሁ ዘመድ ነው፤ በውሃ የቀጠነ የክሎሪን ውሁድ ነው።

ክሎሪኑ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሁለት መልክ ይይዛል። አንደኛው ሃይፖክሎረስ አሲድ ይባላል። ይህ ኃይለኛው ነው፤ የጀርሙን ግድግዳ ሰብሮ ይገባና ይገድለዋል። ሁለተኛው ሃይፖክሎራይት ይባላል። ይህኛው በጣም ዘገምተኛ ነው። አጎቴ «አንዱ የሚሮጥ ወታደር ነው፤ ሌላው የተኛ ዘበኛ ነው» ብሎ ነው ያስረዳኝ። ሁለቱም ክሎሪን ናቸው፤ ሥራቸው ግን አይገናኝም።

ታዲያ ስንቱ ወታደር፣ ስንቱ ዘበኛ እንደሚሆን የሚወስነው ምንድን ነው? ፒኤች ነው!

3ኛ. ፒኤች ምንድን ነው?

ፒኤች አንድ ፈሳሽ ምን ያህል አሲድ ወይም ምን ያህል ቤዝ እንደሆነ የሚነግረን ቁጥር ነው። ይህንን መለኪያ የፈጠረው ሶረን ሶረንሰን የሚባል የዴንማርክ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1909 በአንድ የቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲሠራ። ብዙ ጊዜ ከ0 እስከ 14 ይቆጠራል። 7 ገለልተኛ ነው። ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ ነው። የሎሚ ጭማቂ ወደ 2 ይጠጋል። የዓይናችን እንባ 7.4 ያህል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከ7 ወደ 8 መሄድ «አንድ ቁጥር ብቻ» አይደለም። በፒኤች አንድ ቁጥር ማለት 10 እጥፍ ማለት ነው!

አሁን ወደ ወታደሮቹ እንመለስ፦

ፒኤች 7 ሲሆን ከ100 የክሎሪን ክፍል 75 ያህሉ ወታደር ነው።
ፒኤች 7.5 ሲሆን ግማሽ በግማሽ ነው።
ፒኤች 8 ሲሆን ወታደሩ ወደ 25 ይወርዳል።
ፒኤች 8.5 ሲደርስ 10 ያህል ብቻ ይቀራል።

አያችሁ? ሰውየው ክሎሪን ገዝቶ፣ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ገንዳው ውስጥ ጨምሮ ሳለ ፒኤቹ ከፍ ካለበት አብዛኛው ክሎሪን ተኝቷል ማለት ነው። «ክሎሪን ጨምሬአለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም። በሌላ በኩል ፒኤቹ በጣም ቢወርድ ውሃው አሲድ ይሆንና ዓይን ያቃጥላል፣ ብረቱን ይበላል፣ የሴራሚኩን መጋጠሚያ ያሟሟል። ስለዚህ የዋና ገንዳ ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.8 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። እንባችን 7.4 አልነበረም? መካከል ላይ ነው! ለዚህ ነው ሚዛኑን የጠበቀ ገንዳ ዓይን የማያቃጥለው። ነፃው ክሎሪን ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም እንዲሆን ይደረጋል።

4ኛ. አልካሊነት፦ የውሃው ሽማግሌ

ፒኤችን ማስተካከል ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል። ከፍ ሲል አሲድ ጠብ ማድረግ፣ ሲወርድ ሶዳ አሽ መጨመር። ግን ፒኤች አንዳንዴ ዛሬ ይስተካከልና ነገ ተመልሶ ይዘላል። ይህ የሚሆነው አልካሊነቱ ሲያንስ ነው።

አልካሊነት ማለት በውሃው ውስጥ ያሉት ባይካርቦኔትን የመሳሰሉ ነገሮች መጠን ነው። እነሱ አሲድ ሲመጣም ቤዝ ሲመጣም ይቀበሉታል፤ ፒኤቹ በድንገት እንዳይዘል ያደርጋሉ። እኔ የገባኝ በጋሞ አባቶች ምሳሌ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. እዚሁ ከተማችን ውስጥ የተቆጣ ወጣት ሲወጣ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው አስቆሙት። አልካሊነትም እንደዚያ ነው፤ ቁጣውን ያበርዳል። ሽማግሌ ከሌለበት መንደር ትንሽ ነገር ትልቅ ጠብ ይሆናል። አልካሊነት ከሌለበት ገንዳም ትንሽ ዝናብ ፒኤቹን ያናጋዋል።

ለገንዳ ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም በሊትር ቢሆን ጥሩ ነው። ሲያንስ የሚጨመረው ሱቅ ውስጥ የምናገኘው ቤኪንግ ሶዳ ዓይነት ነው (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም!)። አጎቴም መጀመሪያ አልካሊነቱን፣ ቀጥሎ ፒኤቹን፣ በመጨረሻ ክሎሪኑን ነው የሚያስተካክለው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሥራው ሁሉ ድካም ነው።

5ኛ. አጎቴ በየቀኑ የሚያደርገው

ሀ. ያያል። በገንዳው ጥልቅ ቦታ ግርጌ ያለው የማፍሰሻ ክዳን ከላይ ጥርት ብሎ ካልታየው ማንንም አያስገባም። ለምን ቢባል፣ ሰው ቢሰጥም አይታይማ!

ለ. ይቀዳል። ከላይ አይቀዳም፤ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ፣ ውሃው ከሚገባበት ቧንቧ ራቅ ብሎ ነው።

ሐ. ይለካል። በትንሽ ብልቃጥ ኪኒን ይጨምራል። ለክሎሪን የሚጨመረው ውሃውን ሮዝ ያደርገዋል፤ ሮዙ በደመቀ ቁጥር ክሎሪኑ ብዙ ነው። ለፒኤች የሚጨመረው ቢጫ ከሆነ ፒኤቹ ወርዷል፣ ወደ ቀይና ወደ ሐምራዊ ካደላ ወጥቷል። ቀለሙን ከካርዱ ጋር ያስተያያል። ከዚያ በደብተሩ ቀንና ሰዓት ይጽፋል።

መ. ይጨምራል። ክሎሪኑን ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የሚጨምረው። የአርባ ምንጭን ፀሐይ ታውቁታላችሁ! መከላከያ ያልተጨመረበት ክሎሪን በጠራራ ፀሐይ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ግማሹ ይጠፋል።

ሠ. ይጠብቃል። ፓምፑ ሲሠራ ያድርና ጠዋት እንደገና ይለካል።

6ኛ. ያ የሚሸተው ክሎሪን ነው?

ገንዳ አጠገብ ስንደርስ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ሲኖር «ዛሬ ክሎሪን በዝቷል» እንላለን። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው! ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲጣመር ክሎራሚን የሚባል ነገር ይፈጠራል። የሚሸተውም፣ ዓይን የሚያቀላውም በአብዛኛው እሱ ነው። ወታደሮቹ ከቆሻሻው ጋር ተያይዘው ጀርም የሚገድል ጠፍቷል ማለት ነው።

ለዮ ማስቀላ በዓል ሰሞን አጎቴን የገጠመው ይኸው ነው። ገንዳው በሰው ተጨናንቆ ዋለ። ማታ ላይ ውሃው ደመና መሰለ፣ ሽታው ጨመረ፣ ልጆች ዓይናቸውን እያሹ ወጡ። በማግስቱ ጠዋት ሲለካ ነፃው ክሎሪን ከ1 በታች ነበር። ወዲያው «ዛሬ ተዘግቷል» ብሎ ገመድ ዘረጋ። ሥራ አስኪያጁ ተቆጡ። «በበዓል ገበያ እንዴት ትዘጋለህ?» አሉት። እሱም «ጌታዬ፣ ብዘጋ የሚቀርብን የአንድ ቀን ገበያ ነው። የሰው ልጅ ቢታመም ግን ምን ብለን እንመልሳለን?» አላቸው። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር፤ ከሥራ የሚያባርሩት መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ዝም ብለው የመለኪያውን ብልቃጥ አዩና «እሺ፣ ዝጋው» ብለው ሄዱ።

አጎቴ ያን ቀን ማጣሪያውን አጠበ፤ ማታ ከተጣመረው ክሎሪን 10 እጥፍ ያህል አዲስ ክሎሪን ጨመረ። በዚህ ጊዜ ክሎራሚኑ ይቃጠልና ይጠፋል። መጠኑ ተመልሶ ወደ ልኩ እስኪወርድ ማንም አልገባም። ከዚያ ከፈተው።

ክሎሪን ቢኖርም ሁሉም ጀርም እኩል አይሞትም። በሊትር 1 ሚሊ ግራም ክሎሪን ባለው፣ ፒኤቹ 7.5 በሆነ ገንዳ ውስጥ ኢኮላይ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሞታል። ጃርዲያ ግን 45 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ደግሞ 10 ቀን ያህል ይቆያል! ስለዚህ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ገንዳ ውስጥ መግባት የለበትም። ሳይታጠቡ መግባት፣ ውስጡ መሽናት፣ ውሃውን መዋጥም ነውር ብቻ ሳይሆን በሽታ ነው። ሕፃናት የሚንቦጫረቁበት በአየር የሚነፋ ትንሽ ገንዳ ቤታችን ካለ ደግሞ በየቀኑ ውሃውን ደፍቶ፣ አጥቦ ማድረቅ ነው።

7ኛ. ሒሳብ ለሚወዱ

አጎቴ ክሎሪኑን በግምት አይጨምርም፣ ያሰላል። ለምሳሌ ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሜትር የሆነ ገንዳ አለ እንበል። አንድ ጎኑ 1 ሜትር፣ ሌላው ጎኑ 2 ሜትር ይጠልቃል፤ ስለዚህ አማካዩ 1.5 ሜትር ነው።

10 × 5 × 1.5 = 75 ሜትር ኩብ
75 × 1000 = 75,000 ሊትር

በእያንዳንዱ ሊትር ላይ 1 ሚሊ ግራም ለመጨመር 75,000 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 75 ግራም ንጹሕ ክሎሪን ያስፈልጋል። ዱቄቱ ግን ንጹሕ ክሎሪን አይደለም፤ ከ100 ውስጥ 65ቱ ብቻ ነው እንበል። ስለዚህ 75 ÷ 0.65 = 115 ግራም ያህል ዱቄት ይሆናል። «ሒሳብ ምን ይሠራልናል?» የምትሉ፣ ይኸው!

8ኛ. ወደ ጀሪካናችን ስንመጣ

አብዛኞቻችን ቤት የዋና ገንዳ የለንም። ግን ሁላችንም ጀሪካን አለን፣ አንዳንዱ ቤት ሮቶ አለ። ቧንቧ ሲጠፋ ቀድተን የምናስቀምጠው ውሃ ልክ እንደ ገንዳው አንድ ቦታ ይቆማል። እጅ ይገባበታል፣ ኩባያ ይጠለቅበታል። ስለዚህ ያው ሳይንስ ነው የሚሠራው። ልዩነቱ ይህንን ውሃ የምንጠጣው መሆኑ ነው፤ ታናናሾቻችንም ይጠጡታል።

መጀመሪያ ውሃው መጥራት አለበት። የደፈረሰ ውሃ ክሎሪኑን ይበላዋል፤ ወታደሮቹ ጭቃውን ሲዋጉ ጀርሙ ያመልጣል። አባያ ቡናማ ሆኖ የሚታየው በውሃው ውስጥ በተንሳፈፈ ደቃቅ አፈር ነው፤ አፈሩ በጣም ከመድቀቁ የተነሳ አይዘቅጥም። ገንዳ ላይ እንዲህ ያለውን ለማዝቀጥ አሉም ይጨመራል። እኛስ ምን አለን? ሽፈራው አለን! በጋሞኛ ሀላኮ የምንለው፣ ቅጠሉን ከኩርኩፋ ጋር የምንበላው ዛፍ። የሽፈራው ፍሬ ውስጥ ያለው ፕሮቲን የአዎንታ ኤሌክትሪክ ሙል አለው፤ የጭቃው ቅንጣት ደግሞ የአሉታ። ስለዚህ ይሳሳባሉ፣ ይያያዛሉ፣ ከብደው ወደ ታች ይወርዳሉ። የደረቀውን ፍሬ ልጦ፣ ወቅጦ፣ በትንሽ ውሃ በጥብጦና በጨርቅ አጥልሎ ውሃው ላይ መጨመር፤ መጀመሪያ ፈጠን አድርጎ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ማማሰል፤ ከዚያ አንድ ሁለት ሰዓት ማስቀመጥ ነው። ላይ ላዩ ይጠራል፤ እሱን ቀስ ብሎ በንጹሕ ጨርቅ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ ነው።

ግን ተጠንቀቁ! ሽፈራው ያጠራል እንጂ ጀርሙን ጨርሶ አይገድልም። ቀጥሎ ወይ ማፍላት፣ ወይ «ውሃ አጋር»ን የመሰለ የውሃ ማከሚያ መጨመር አለብን። ለ20 ሊትር ጀሪካን አንድ ክዳን ጨምሮ፣ ከድኖና ነቅንቆ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መመሪያ ከትልቅ ሰው ጋር ሆናችሁ አንብቡ። 30 ደቂቃው ለጌጥ የተጻፈ አይደለም፤ ወታደሮቹ ሥራቸውን የሚጨርሱበት ጊዜ ነው። «ጠምቶኛል» ብሎ በ5 ደቂቃ የሚጠጣ ልጅ መድኃኒቱን አባከነ።

9ኛ. በፍጹም የማይደረግ!

በረኪናን ከአሲድ ወይም ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል አይቻልም። የሚወጣው ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች የተገደሉበት የክሎሪን ጋዝ ነው። ቤት ውስጥ ይህ ቢያጋጥም ቶሎ ወደ ውጭ መውጣት ነው። የገንዳ ኬሚካልም ልጅ አይነካውም። አጎቴ እንኳ ጓንትና መነጽር ሳያደርግ አይከፍተውም። ሁልጊዜም ኬሚካሉን ወደ ውሃ ነው የሚጨምረው እንጂ ውሃውን ወደ ኬሚካሉ አይገለብጥም።

10ኛ. እስኪ እንሞክረው

ፒኤችን በዓይናችን ለማየት ከርከዴ ይበቃናል። ጥቂት ከርከዴ በትልቅ ሰው እርዳታ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፉ። ቀዩን ውሃ በሦስት ብርጭቆ ክፈሉት። በአንዱ ሎሚ ጨምሩ፤ ደማቅ ቀይ ይሆናል። በሌላው የአመድ ውሃ ወይም ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ፤ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ይሄዳል። ሦስተኛውን ለማስተያየት ተዉት። የአጎቴ መለኪያም የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ቀለሙ የፒኤችን ወሬ ይነግረዋል። ሙከራውን ከጨረሳችሁ በኋላ ድፉት፣ እንዳትጠጡት።

ለተከበራችሁ መምህራን አንድ ሐሳብ አለኝ። የትምህርት ቤታችን ሮቶ መቼ እንደታጠበ፣ መቼ እንደታከመ የሚጻፍበት እንደ አጎቴ ያለ አንድ ደብተር ቢኖረን ጥሩ ነው። ክበባችን በየሳምንቱ ለመጻፍ ዝግጁ ነው።

የዕለቱ ጥያቄዎች

ሀ. ለውድድር የሚሠራ ትልቅ ገንዳ 50 ሜትር ርዝመት፣ 25 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው ስንት ሊትር ይይዛል?
ለ. ፒኤች ከ7.5 ወደ 8.5 ሲወጣ ክሎሪኑ ምን ይሆናል?
ሐ. ሽፈራው ያጠራውን ውሃ ወዲያው መጠጣት ይቻላል? ለምን?

መልሱን ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ክበብ ሳጥን ውስጥ ጨምሩ። ቀድመው በትክክል የመለሱ ሦስት ተማሪዎች ስማቸው በሰልፍ ላይ ይነበባል። በሚቀጥለው እትም በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!